ለዓይኔ ሄጄ፣ የልብ መድኃኒት ይዤ ተመለስኩ

የዕድራችንን የዓመት ሒሳብ እየዘጋሁ ነበር። 31 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የሠፈሩ መዝገብ ግን አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ማታ ነው። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ ጉንጬን በግራ እጄ ደግፌያለሁ። መዳፌ ግራ ዓይኔን ሸፍኖታል፤ እኔ ግን ልብ አላልኩም። ልብ ያልኩት መስመሩ ሲታጠፍ ነው።

በመዝገቡ ገጽ ላይ ገቢና ወጪን የሚለይ ቀይ መስመር አለ። ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ዓይኔን የጣልኩበት ቦታ ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ጎበጥ ይላል። ከዚያ ተመልሶ ይቃናል። ወረቀቱ የተጨማደደ መስሎኝ በእጄ ዳበስኩት። ምንም የለበትም። ቀና ስል እጄ ከዓይኔ ላይ ተነሣ፤ መስመሩም ቀጥ አለ። መልሼ ግራ ዓይኔን ሸፈንኩ። ጎበጠ። ገለጥኩ። ቀና።

ያን ማታ ለማንም አልተናገርኩም። ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ ቢኖር ኖሮ እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

በማግሥቱ ለባለቤቴ ዓይኔ ትንሽ ደከም ብሏል አልኳት። «ዕድሜ ነዋ፤ መነጽርህን ቀይር» አለችኝ። ፒያሳ ወርጄ መንገድ ላይ ከሚሸጡት መነጽሮች ከበድ ያለውን መርጬ ገዛሁ። ፊደሉ ተለቀ፤ መስመሩ ግን እንደጎበጠ ነው። ጎረቤት የሰማ ሁሉ «ሞራ ነው፣ ሲበስል ይገፈፋል» አለኝ። እንዲህ ማለታቸው አይፈረድም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ ምክንያት ነው። እኛ ሠፈር ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ሁሉ ሞራ ነው የሚባለው።

ሞራ ግን መስመር አያጣምምም። ሞራ ጭጋግ ነው፤ ሁሉም ነገር በቆሸሸ መስታወት እንደሚታይ ይደበዝዛል፣ የመኪና መብራት ይበተናል። ግላኮማ ደግሞ ብዙ ጊዜ እይታን የሚበላው ከዳር ነው፤ ሰውዬው መሃሉ ስለሚታየው ብዙ ከተጎዳ በኋላ ነው የሚነቃው። መሃሉ ሲበላሽ፣ ቀጥ ያለው ሲጎብጥ፣ የሰው ፊት እያዩት አፍንጫው ሲጠፋ፣ ጉዳዩ ሬቲና ላይ፣ ማለትም ከዓይን ውስጥ በስተጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ንብርብር ላይ ነው። በተለይ ማኩላ የምትባለው የሬቲና መሃል። የምናነብባት፣ መርፌ የምንሰካባት፣ ሰው የምንለይባት እሷ ናት። ስፋቷ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ሁለት ወር ተኩል ዝም ብዬ ከረምኩ። ዝምታዬን የሰበሩት አንዲት የዕድራችን አባል ናቸው። ሰማንያን ያለፉ እናት ናቸው። ያለባቸውን ውዝፍ 350 ብር ከፍለው 850 ብዬ መዝግቤላቸዋለሁ። ደረሰኛቸውን ለልጅ ልጃቸው አስነብበው፣ በዱላ እየተደገፉ ቤቴ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ እኔ ይህን ያህል አልከፈልኩም፤ የሰው ገንዘብ ላይ መቆም አልፈልግም» አሉኝ። 3 ቁጥር ለእኔ 8 ሆኖ ታይቶኛል። ልጄ ከጓዳ ትሰማ ነበር። ሴትየዋን ሸኝታ ስትመለስ «አባዬ፣ ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለች። አልተከራከርኳትም።

የዓይን ምርመራ ልትሄዱ ከሆነ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የዓይንን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ያደርጉላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ብርሃን ይወጋል፣ ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዛል። እኔ በልጄ ክንድ ነው የወጣሁት። ጠብታው እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ከዚያ አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፈው ኦሲቲ የሚሉትን ምስል አነሡኝ። አያምም። አረንጓዴ መብራት ማየት ብቻ ነው። መሣሪያው ሬቲናን ልክ እንደ ተቆረጠ ድፎ ዳቦ፣ ንብርብሩን ከጎን ያሳያል።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከልጄ ብዙም አትበልጥም። ምስሉን አየች፣ ዓይኔን በመብራት አየች፣ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«አባቴ፣ ደም ግፊት አለብዎት?»

«ነበረብኝ።»

«ነበረብኝ ማለት?»

ከስድስት ዓመት በፊት ግፊት አለብህ ተብዬ መድኃኒት ጀምሬ ነበር። ኢናላፕሪል ነው። ደረቅ ሳል አመጣብኝ፤ ሌሊት አላስተኛ አለኝ። ተመልሼ ሐኪሙን ከመጠየቅ ይልቅ ተውኩት። ሳሉም ቆመ፤ እኔም ደህና ነኝ አልኩ። ምንም አላመመኝምና ግፊቱ የለቀቀኝ ነበር የመሰለኝ። ይህን ስነግራት ጻፈች። ቀጠለች። ሲጋራ ያጨሳሉ? አጨሳለሁ፣ ከ30 ዓመት በላይ። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል? ደረትዎን ጨምድዶ ይዞዎት ያውቃል? እግርዎ ያብጣል? ስትሮክ ነበረብዎት? ኮሌስትሮልዎን ተለክተው ያውቃሉ? ከቤተሰብ በድንገት የሞተ አለ?

ትዕግሥቴ አለቀ። «ዶክተር፣ እኔ የመጣሁት ለዓይኔ ነው» አልኳት። አልተቀየመችም። የኮምፒውተሩን ገጽ ወደ እኔ አዞረችው። ቀይ ብርቱካናማ ክብ ነገር፣ በላዩ ላይ እንደ ዛፍ ሥር የተበተኑ መስመሮች። «ይህ የእርስዎ ዓይን ውስጥ ነው» አለችኝ። «በሰው አካል ውስጥ ሳይቀደድ፣ ሳይቆረጥ የደም ሥርን በቀጥታ ማየት የሚቻለው እዚህ ብቻ ነው። የእርስዎን ልብና አንጎል የሚመግቡት ሥሮች ምን እንደሚመስሉ መገመት የምችለው እነዚህን አይቼ ነው።»

ይህን ነገር ሐኪሞች የሚያውቁት ትናንት አይደለም። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የሚባለው ጀርመናዊ የዓይንን ውስጥ ማያ መሣሪያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። በ1939 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሦስት ሐኪሞች የግፊት ሕመምተኞችን በሬቲናቸው የደም ሥር ጉዳት በአራት ደረጃ ከፍለው፣ ዓይናቸው የባሰባቸው ሰዎች ቶሎ እንደሚሞቱ አሳይተዋል። ያን ጊዜ ደህና የግፊት መድኃኒት አልነበረም። አሁን አለ፤ እኔ ግን ትቼዋለሁ።

በእርሳስ ጫፍ እያመለከተች አሳየችኝ። ቀጫጭኖቹ ደም ወሳጅ ሥሮች ከሚገባው በላይ ጠበዋል። አንዱ ወሳጅ ሥር ከታቹ ያለውን መላሽ ሥር የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ፣ የታችኛው ተጭኖ ቀጥኗል፤ ጎማ ላይ ሰው እንደቆመበት። ይህ ለዓመታት ያልታከመ ግፊት ምልክት ነው። ከዚያ መሃሉን አሳየችኝ። በግራ ዓይኔ ማኩላ ላይ ቢጫ ነጠብጣቦች አሉ፤ ሽሮ ተንጠባጥቦበት የደረቀ ነው የሚመስለው። ድሩሰን ይባላሉ። በቀኙ ዓይኔ ደግሞ ከሬቲናው ሥር ያልነበረ የደም ሥር በቅሎ ፈሳሽ እያፈሰሰ ማኩላዋን ከፍ አድርጓታል። መስመሬን ያጎበጠው ያ እብጠት ነው። በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የማኩላ በሽታ ይሉታል፤ የግራው ደረቁ ዓይነት፣ የቀኙ እርጥቡ።

ግፊቱንና የማኩላውን በሽታ ምን አገናኛቸው? ይህን ደግሜ ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ። እንደገባኝ ልንገራችሁ።

ከሬቲና ጀርባ በደም ሥር የተሞላ ስስ ሽፋን አለ። ከክብደቱ አንፃር በአካላችን ውስጥ ብዙ ደም ከሚያልፍባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የሚያዩት ሕዋሳት ቀን ከሌት ይሠራሉ፤ በየቀኑ ከጫፋቸው ያረጀውን ይጥላሉ። ያን ጥራጊ ወደ ደም የሚያሳልፍ ስስ ግድግዳ በመሃል አለ። ዕድሜ ሲጨምር ስብና ኮሌስትሮል እዚያ ግድግዳ ላይ ይጠራቀማል። ቦዩ ደለል ሲሞላው ውኃው እንደሚቆም ነው። ድሩሰን የሚባለው ያ ደለል ነው፤ ኮሌስትሮል አለበት፣ የሰውነት ብግነት የሚያመጣቸው ነገሮችም አሉበት። የልብ ደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሥሩን የሚያጠበው ነገርም የዚህ ዘመድ ነው። ዕድሜ፣ ሲጋራ፣ ግፊት፣ የተበላሸ ኮሌስትሮል፣ ውፍረት ሁለቱንም ቤት ያንኳኳሉ። ሲጋራው ይብሳል። የሚያጨስ ሰው በዚህ የዓይን በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከማያጨስ ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ነው። እኔ ሲጋራ ሳንባ እንደሚያቃጥል አውቅ ነበር፤ ዓይን እንደሚያጠፋ አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2022 ኒው ዮርክ ያለው የማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ሐኪሞች ያወጡት ጥናትም አለ። የማኩላ በሽታ ካለባቸው ሰዎች መካከል፣ ከዚያ ስስ ግድግዳ ሥር ሳይሆን ከላዩ፣ ከሚያዩት ሕዋሳት በታች የሚቀመጥ የተለየ የደለል ዓይነት ያለባቸው ሰዎች፣ ከባድ የልብ ድካም፣ የልብ ቫልቭ በሽታ ወይም የአንገት ደም ሥር መጥበብ ብዙ ጊዜ ተገኝቶባቸዋል። ልብ ደም አጥብቆ መግፋት ሲያቅተው ወይም መንገዱ ሲጠብ፣ ያ ብዙ ደም የሚፈልገው ስስ ሽፋን ይራባል ነው ነገሩ።

ሐኪሟ ግን አንድ ነገር አስረግጣ ነግራኛለች፤ እኔም አስረግጬ እነግራችኋለሁ። የማኩላ በሽታ ያለበት ሁሉ ልቡ ታሟል ማለት አይደለም። አንዱ ሌላውን ይወልዳል ማለትም አይደለም። ዓይን ላይ ሲታይ ልብንም ማየት ይገባል ማለት ነው። ሌላም ምክንያት አላት። ለቀኝ ዓይኔ የሚያስፈልገው መርፌ ትንሹ ወደ ደም ይገባል፤ በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የገጠመው ሰው ከሆነ ሐኪሙ ቀድሞ ማወቅና ማመዛዘን አለበት። ለዚህ ነው ጥያቄዋን ያበዛችው። ስለዚህ የዓይን ሐኪም ስለ ልባችሁ ሲጠይቃችሁ እንደኔ አትቆጡ። ያላችሁን ሁሉ ንገሩት፤ ያቋረጣችሁትንም መድኃኒት።

እዚያው ነርሷን ጠርታ አስለካችኝ። 184 በ106። ነርሷ እንደገና አሳርፋ ለካችኝ። 180 በ104። ምንም አላመመኝም ነበር እኮ! ራሴን አልነፋኝም፣ አላዞረኝም። ልጄ ቁጥሩን ሰምታ እጄን ጨበጠችኝ። እስክንወጣ አልለቀቀችውም።

በሁለተኛው ቀን የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የልብ ምት ማንበቢያ ተደረገልኝ፤ በአልትራሳውንድ ልቤን አዩ፤ የደም ምርመራ ሰጠሁ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ኮሌስትሮል። የልቤ የግራ ክፍል ግድግዳ ወፍሯል። ለስድስት ዓመት ከባድ ግፊት ሲገፋ የኖረ ጡንቻ ነውና ወፈረ፤ ሸክም የሚሸከም ሰው ክንድ እንደሚወፍር። ለክንድ ጥሩ ነው፤ ለልብ ግን አይደለም። የወፈረ ልብ ይደነድናል፣ በኋላም ይደክማል። መጥፎው ኮሌስትሮልም ከፍ ብሏል። ስኳር የለብኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሙ የሳሉን ታሪክ ሲሰማ «ይህ መድኃኒት እኮ በሌላ ይቀየር ነበር» አለኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ሄጄ አልጠየቅኩም።

አሁን አምሎዲፒን እወስዳለሁ፤ ማታ ደግሞ አቶርቫስታቲን። አምሎዲፒኑ መጀመሪያ ላይ ቁርጭምጭሚቴን አሳበጠው። ይህን ጊዜ ግን አላቋረጥኩም፤ ሄጄ ተናገርኩ። መጠኑን ቀንሶ ሌላ ጨመረልኝ፤ እብጠቱ ጎደለ። ስለ ኮሌስትሮሉ መድኃኒት የዓይን ሐኪሟን «ለዓይኔም ይጠቅመኛል?» አልኳት። አልዋሸችኝም። «የማኩላን በሽታ እንደሚያቆም አልተረጋገጠም። የሚወስዱት ለልብዎና ለአንጎልዎ ነው። ግን ሰው በስትሮክ ከወደቀ ዓይኑን ለማን እናክማለን?» አለችኝ።

ስለ መርፌው ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ዓይን ውስጥ መርፌ ሲባል ሰው ይሸሻል፤ እኔም ሌሊቱን አልተኛሁም። እንዲህ ነው። ጀርባህ ላይ ትተኛለህ። የሚያደነዝዝ ጠብታ ደጋግመው ያደርጋሉ። ከዚያ ዓይንህን ቡናማ በሆነ የጀርም ማጥፊያ ያጥባሉ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የሚያቃጥለው ይህ ነው። የዓይን ቆብ እንዳይከደን በሽቦ መሰል ነገር ይይዙታል። «ወደ ላይ ይመልከቱ» ይሉሃል። መርፌው ከነጩ በኩል ነው የሚገባው፤ ተጫን ያደረገ ነገር ይሰማል፣ አምስት እስኪቆጠር ያልቃል። ቤት ስገባ ጥቁር ጥቁር ነገር ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ታየኝ፤ በማግሥቱ ጠፋ። የዓይኔ ነጭ ጥግ ላይ ደም መሰለ፤ ሳምንት ቆይቶ ለቀቀ። ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ እይታው ከቀነሰ፣ ዓይኑ ከቀላና ብርሃን አላስችል ካለው ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ያንኑ ዕለት መመለስ ነው፤ ጀርም ገብቶ ሊሆን ይችላል።

የተሰጠኝ ቤቫሲዙማብ የሚባለው ነው፤ አቫስቲን ሲሉት ትሰማላችሁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የተፈቀደው ለአንጀት ካንሰር ነበር። ዕጢ አዲስ የደም ሥር እንዳያበቅል የሚከለክል መድኃኒት ነው። የዓይን ሐኪሞች ከሬቲና ሥር የሚበቅለውንም እንደሚያደርቅ አዩ፤ በ2011 የወጣ ትልቅ ጥናትም ለዓይን ተብሎ ከተሠራው ውድ መድኃኒት ጋር አወዳድሮ እይታን በመጠበቅ አቻው መሆኑን አሳየ። ሦስት ወር በየወሩ ተወጋሁ፤ ከዚያ እየተራራቀ ሄደ። የጎበጠው መስመር አሁንም ትንሽ ይጎብጣል። 3 እና 8 ግን ይለዩልኛል። ሁለት ወር ተኩል ባላባክን ኖሮ ምን ያህል ይተርፍ ነበር እላለሁ፤ እርጥቡ ዓይነት ሲጀምር ሳምንታት ዋጋ አላቸው፤ የደረቀ ጠባሳ አይመለስም።

ሜሪላንድ ያለ የእህቴ ልጅ ነርስ ነው። ሲሰማ ወዲያው የዓይን ቫይታሚን በሰው ላከልኝ፤ ትልቅ ጠርሙስ። እኔ ከመጀመሬ በፊት ይዤ ለሐኪሟ አሳየኋት። ጀርባውን አንብባ መለሰችልኝ። ቤታ ካሮቲን አለበት። ለሚያጨስ ሰው ወይም አጭሶ ለተወ ሰው ቤታ ካሮቲን የሳንባ ካንሰርን ዕድል ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2001 በጥናት ተፈትኖ የወጣው የመጀመሪያው የዓይን ቫይታሚን ቅምር ውስጥ ነበረ፤ በ2013 በወጣው ሁለተኛው ጥናት ግን በሉቲንና በዚያዛንቲን ተተክቷል። ልጁ ደንግጦ ትክክለኛውን ላከ። ከዘመድ ቫይታሚን የምትቀበሉ ሁሉ፣ ጀርባውን አስነብቡ። ይህ ቅምር የሚጠቅመው በሽታው መካከለኛ ደረጃ ለደረሰ ወይም እንደኔ አንዱ ዓይኑ ለተጎዳ ሰው ነው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ከባዱ ደረጃ የመሄድን ዕድል በሩብ ያህል ይቀንሳል። ዓይኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ቢውጠው በሽታውን አይከላከልለትም። ለልብም ብላችሁ አትግዙት፤ እዚያው ጥናት ላይ ልብን ከሕመም ሲጠብቅ አልታየም።

ሲጋራውን ተውኩት። ቀላል ነበር አልልም። ሦስት ጊዜ ተመልሼበታለሁ። አራተኛው ላይ ባለቤቴ የቡናውን ሰዓት ቀየረችው፤ ከምሳ በኋላ ቡናና ሲጋራ አብረው ይመጡብኝ ስለነበር በዚያ ሰዓት ይዛኝ ትወጣለች። እስከ ቀበና ድልድይ እንሄዳለን፤ ተመልሰን ነው ቡናው የሚፈላው። አሥር ወር ሆነኝ።

ምግቡ ላይ ብዙ አልተቸገርንም። የእኛ የጾም ገበታ ለዚህ በሽታ የተመቸ ነው፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ምስር፣ ሽሮ። ጎመንና ቆስጣ ሉቲን የሚባለው ነገር ሞልቶባቸዋል፤ ማኩላዋን ቢጫ የሚያደርጋት እሱ ነው። የሚያበላሸው ዘይቱ ነው። ለዓመታት እንበላ የነበረው የሚረጋውን ዘይት ነው፤ ጠዋት ድስቱ ላይ ነጭ ሆኖ የምታገኙት። እሱ የፓልም ዘይት ነው፣ የሚረጋ ስብ የበዛበት። አሁን ፈሳሹን ትገዛለች፤ ዋጋው ስለሚከብድ በማንኪያ እየለካች ነው የምትጨምረው፤ ይህም ጥሩ ሆነ። ጨውን ቀነስን። መጀመሪያ ሳምንት ወጡ ሁሉ ውኃ ውኃ አለኝ፤ ከዚያ ምላስ ይለምዳል። ለፋሲካ ዶሮውን እበላለሁ፤ ቅቤው ግን ላዩ ላይ እስኪንሳፈፍ አይደለም።

ስለ ጾም ሌላም ነገር አለ። ቀድሞ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምቆይ የጠዋት መድኃኒት ያመልጠኝ ነበር። የተውኩትም በዚያው ለምዶብኝ ጭምር ነው። ዘንድሮ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «መድኃኒትህን በውኃ ውሰድ፤ ለሕመምተኛ ተፈቅዷል» አሉኝ። ሐኪሙንም ጠየቅኩት፤ የቻለውን ወደ ማታ አዞረልኝ። ሁለቱንም ጠይቁ። በራሳችሁ ፈርዳችሁ ሃምሳ አምስት ቀን ያለ መድኃኒት አትክረሙ።

አሁን ደግሞ የምለውን በደንብ አንብቡልኝ። ከእኔ በፊት የዕድራችን ጸሐፊ የነበረ ጓደኛዬ አንድ ቀን ቀብር ላይ ቆመን ክንዴን ያዘኝ። «አንዱ ዓይኔ ላይ መጋረጃ ወረደ» አለኝ። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። አምስት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ «ተነሣ፤ ደህና ነኝ» አለ። ሁለታችንም ፀሐዩ ነው ብለን ተውነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ስትሮክ ጣለው፤ ቀኝ ጎኑ እስካሁን አይታዘዝለትም። የአንገቱ ደም ሥር ጠቦ ነበር። ከዚያ የተነሣ ቅንጣት ነው መጀመሪያ ወደ ዓይኑ፣ በኋላ ወደ አንጎሉ የሄደው። አንድ ዓይን ያለ ሕመም በድንገት ከጨለመ፣ ደቂቃ ቆይቶ ቢመለስም እንኳ፣ ያ የዓይን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ነው። መነጽር ቤት አይኬድበትም፣ ነገ አይባልበትም። ስትሮክ ወደሚታከምበት ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፣ በዚያችው ሰዓት። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ቀን ከቀብሩ ቀጥታ ይዤው እሄድ ነበር።

ቤቴ ማቀዝቀዣው በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ። የሒሳብ ደብተር ላይ ያለው ካሬ ካሬ ገጽ ነው፤ መሃሉ ላይ በእስክሪብቶ ወፍራም ነጥብ አድርጌበታለሁ። የዚህ አሠራር አባት አምስለር የሚባል የስዊዘርላንድ የዓይን ሐኪም ነው፤ ሐኪም ቤት የታተመውን ካርድ ይሰጡሃል፣ የእኔን ግን ልጄ ስለወደደች እኛው ቤት ሠራነው። ጠዋት የማንበቢያ መነጽሬን አደርጋለሁ። ከወረቀቱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል እርቃለሁ። አንድ ዓይኔን ሸፍኜ ነጥቧን አያለሁ፤ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱን ዓይን ገልጦ ማየት ምንም አያሳይም፤ ጤነኛው የታመመውን ይሸፍንለታል። እኔን ወራት ያታለለኝ እሱ ነው። አዲስ ጎባጣ ወይም ጥቁር ቦታ ካየሁ ቀጠሮዬን አልጠብቅም። ከዚያ እቀመጣለሁ፤ አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ፣ ቡና ሳልቀምስ፣ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ ግፊቴን እለካለሁ። ዛሬ 128 በ80። ሁለቱንም ቁጥር አንድ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፤ የዓይኑን በግራ፣ የግፊቱን በቀኝ፣ በመሃል ቀይ መስመር።

ታናሽ ወንድሜ 58 ዓመቱ ነው። ያጨሳል። ይህ በሽታ በዘርም ስለሚሄድ «ና ተመርመር» ስለው አራት ወር አንገላታኝ፤ ምንም አላመመኝም እያለ። ባለፈው እሑድ ቤት መጣ። ውኃ ሊጠጣ ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ወረቀቱን አየና «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ግራ ዓይኑን በመዳፌ ሸፈንኩለት። ቀጥ ነው አለ። ቀኙን ሸፈንኩ። ዝም አለ። እጄን ከፊቱ ላይ አንሥቶ ወረቀቱን ዳበሰው፤ ልክ እኔ መዝገቡን እንደዳበስኩት።

ሰኞ ጠዋት አብረን ሄድን። ጠብታው እስኪሠራ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን እጁን ጨብጬው ነበር። ነርሷ ግፊቱን ለመለካት እጅጌውን ስትሰበስብ ወደ እኔ ዞሮ «ለዓይኔ አይደል እንዴ የመጣሁት?» አለኝ።